ሰርቲፋይድ ለተባለ ያገለገለ መኪና ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ያዋጣል? እንዴት ማስላት እንደሚቻል

አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ሁለት ተመሳሳይ መኪኖች ማየቱ አይቀርም። ዓመታቸው አንድ፣ የሄዱት ማይል ተቀራራቢ ነው። አንዱ ግን «ሰርቲፋይድ» (ተፈትሾ የተረጋገጠ) የሚል ምልክት ስላለበት 1,500 ወይም 2,000 ዶላር ይወደዳል። ሻጩ ልዩነቱን ሲጠየቅ «ለአእምሮ እረፍት ነው» ይላል። እረፍቱ ግን የሚለካው በወርና በማይል ነው፤ ስለዚህ ማስላት ይቻላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ያረጋገጠው ማን እንደሆነ ይጠይቁ

ቁምነገር ያለው ሰርቲፋይድ መኪናውን የሠራው ኩባንያ ራሱ ዋስ የሚሆንበት ነው። የቶዮታው በቶዮታ ዲለር፣ የሆንዳው በሆንዳ ዲለር ይሸጣል፤ ከተበላሸም በሌላ ግዛት ባለ የኩባንያው ዲለር ይጠገናል። ነገር ግን ማንኛውም መኪና ሻጭ ራሱ ፈትሾ «ሰርቲፋይድ» የሚል ወረቀት ሊለጥፍ ይችላል። ውሉን ገልጠው ለጥገናው የሚከፍለው ማን እንደሆነ ያንብቡ። የአምራቹ ስም ከሌለበት፣ ምልክቱ እንደሌለ ቆጥረው ስለ ዋጋው ይከራከሩ።

2. ዋስትናው ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚቆጠር ይወቁ

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቶዮታ «ጎልድ ሰርቲፋይድ» ለሚላቸው መኪኖቹ ለሞተርና ለካምቢዮ የ7 ዓመት ወይም የ100,000 ማይል ዋስትና ይሰጣል። ሰባቱ ዓመታት የሚቆጠሩት ግን እርስዎ ከገዙበት ቀን ሳይሆን መኪናው አዲስ ሆኖ ከተሸጠበት ቀን ነው፤ ማይሉም መኪናው አዲስ ከነበረበት ከዜሮ ጀምሮ ይቆጠራል። ከሁለቱ ቀድሞ የሞላው ዋስትናውን ይዘጋዋል። የሞዴሉ ዓመት ብቻ አይበቃም፤ የ2020 ሞዴል በ2019 ተሸጦ ሊሆን ይችላል። ዲለሩ የሻንሲ ቁጥሩን አስገብቶ ትክክለኛውን ቀን እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።

አንድ የቶዮታ ካምሪ እንውሰድ። በጁን 2020 አዲስ ሆኖ ተሸጠ፤ እርስዎ በጁን 2025 ሲያዩት 62,000 ማይል ሄዷል፤ ጎልድ ሰርቲፋይድ ስለሆነም 1,800 ዶላር ተጨምሮበታል። ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ዋስትና፣ ለአብዛኛው ዕቃ 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል፣ ለሞተርና ለካምቢዮ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነበር፤ ሁሉም አልቋል። ስለዚህ በ1,800 ዶላሩ የሚገዙት ለሞተርና ለካምቢዮ ሁለት ዓመት ወይም 38,000 ማይል፣ ለሌላው ዕቃ ደግሞ ቶዮታ የሚጨምረውን የ12 ወር ወይም የ12,000 ማይል ዋስትና ነው።

ገንዘቡ በብድሩ ውስጥ ከገባ ደግሞ 1,800 ሆኖ አይቀርም። በ9 በመቶ ወለድ በ72 ወር ሲከፈል ከ2,300 ዶላር ያልፋል። በእኔ ግምት፣ በደንብ የተያዘ ካምሪ በዚህ ዕድሜው ካምቢዮው እምብዛም አያስቸግርም፤ ለዚህ መኪና ከጥቂት መቶ ዶላር በላይ አልጨምርም።

3. የራስዎን አነዳድ ያስገቡበት

በዓመት 10,000 ማይል ለሚነዳ ሰው ከላይ ያለው ጊዜ ሙሉ በሙሉ ያገለግለዋል። በሳምንት 1,000 ማይል ለሚሮጥ የኡበር ወይም የሊፍት ሾፌር ግን የ12,000ው ማይል በሦስት ወር፣ የ38,000ው በዘጠኝ ወር ገደማ ያልቃል። ከዲሲና ከአካባቢው ሾፌሮች መካከል የእኛ ሰው ብዙ ስለሆነ ይህን ማለፍ አይገባም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ መኪናው ለንግድ ከዋለ ዋስትናውን የሚከለክለው አንቀጽ ነው። ሁንዳይ ለምሳሌ ታዋቂውን የ10 ዓመት ዋስትና ለታክሲና ለመሰል ሥራ ለዋለ መኪና አይሰጥም። ሾፌር ከሆኑ በውሉ ውስጥ አስቀድመው የሚፈልጉት ይህንን አንቀጽ ይሁን፤ ካገኙት ለምልክቱ ምንም አይክፈሉ።

4. ምልክቱ በእርግጥ የሚጨምረውን ይለዩ

ለቤተሰብ መኪና ከሆነ ግን ሁንዳይ ከካምሪው ተቃራኒ ነው። የ10 ዓመት ወይም የ100,000 ማይል የሞተርና የካምቢዮ ዋስትናው ለመጀመሪያው ባለቤት ብቻ ነው፤ መኪናው እጅ ሲቀይር ወደ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ይወርዳል። በሰርቲፋይድ ሲገዛ ግን አሥሩ ዓመት ይመለሳል። በጁን 2020 ተሸጦ 45,000 ማይል የሄደ ሁንዳይ በጁን 2025 ያለ ምልክቱ ቢገዛ ዋስትናው ያከተመ ነው፤ በምልክቱ ግን አምስት ዓመት ወይም 55,000 ማይል ይቀረዋል። እዚህ ላይ 1,500 ዶላር ቢጠየቅ አላቅማማም።

በሌላ በኩል ከመኪናው ጋር በነጻ ለሚመጣ ነገር እንዳይከፍሉ ይጠንቀቁ። ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ለሃይብሪድ ባትሪ የሰጠው የ10 ዓመት ወይም የ150,000 ማይል ዋስትና ሰርቲፋይድ ባይሆንም ለቀጣዩ ባለቤት ይተላለፋል። የፍሬን ሸራ፣ ጎማና የዝናብ መጥረጊያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፈኑም።

5. መኪናውን ለራስዎ መካኒክ ያሳዩ

ቶዮታ 160 ነጥቦች እፈትሻለሁ ይላል፤ የሚፈትሸው ግን መኪናውን ለመሸጥ የሚፈልገው ዲለር ነው። ከሻጩ ጋር ግንኙነት የሌለው ጋራዥ ከ100 እስከ 300 ዶላር ባለው ክፍያ ከሥር አንስቶ ያየዋል። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመዎት ቁልፉን መልሰው ይሂዱ።

የሻንሲ ቁጥሩን 17 ፊደላትና ቁጥሮች በፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ያስገቡ፤ ያልተጠገነ የሪኮል ጥሪ (አምራቹ የደኅንነት ጉድለት ያለበትን መኪና ለጥገና የሚጠራበት) ካለ ይታያል። «ሰርቲፋይድ ነውና ተሠርቷል» አይበሉ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2016 ጄኔራል ሞተርስንና ሁለት ዲለሮችን የከሰሰው፣ በጥብቅ ተፈትሸዋል ብለው ካስተዋወቋቸው ሰርቲፋይድ መኪኖች አንዳንዶቹ ያልተጠገነ ሪኮል እንዳለባቸው በግልጽ ባለመናገራቸው ነበር። የሪኮል ጥገና ለማንኛውም ባለቤት በነጻ ነው።

6. ወረቀቱን ያንብቡ

እያንዳንዱ ዲለር መኪናው መስኮት ላይ ዋስትና መኖሩን ወይም «እንዳለ» (ያለ ዋስትና) መሸጡን የሚገልጽ ወረቀት የመለጠፍ ግዴታ አለበት። ወረቀቱ የሽያጩ ውል አካል ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ «እንዳለ» መሸጥ ይፈቀዳል፤ በሜሪላንድና በዲሲ ግን በሕግ የተገደበ ነው። ሻጩ የአገር ልጅ ሆኖ በአማርኛ «ሁሉንም ይሸፍናል» ቢልዎት ደስ ይበልዎት፤ ነገር ግን ያለውን በጽሑፍ ያስገባ። ዲለሩ በቃል የተናገረውን በኋላ ማስፈጸም ከባድ ነው።

በመጨረሻ ወደ ፋይናንስ ቢሮው ሲገቡ ከሰርቲፋይዱ በላይ የተራዘመ የጥገና ውል ይቀርብልዎታል። የዚያኑ ዕለት መፈረም የለብዎትም፤ የአምራቹን ውል የፋብሪካው ዋስትና ሳያልቅ በኋላም ሊገዙት፣ ከሌላ ዲለር ዋጋም ሊጠይቁበት ይችላሉ። ከፈረሙ በኋላ ሐሳብዎን ከቀየሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰርዞ ያልተጠቀሙበትን ማስመለስ ይቻላል፤ መኪናው በብድር የተያዘ ከሆነ ግን ተመላሹ ከዕዳው ላይ ይቀነሳል እንጂ እጅዎ አይገባም፤ የወር ክፍያዎም ባለበት ይቀጥላል።