የፕሮፋይል ፎቶ ክፈፍ ሲበላሽ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ወይም የምረቃ ወር ሲደርስ የተበላሹ ክፈፎች ለጥገና ይጎርፉልኛል። ከጥቂቶቹ በስተቀር የሁሉም ችግር አንድ ነው። የምጽፈው ፎቶሾፕ ወይም ጊምፕ ከፍቶ ሌየር መጨመር ለሚያውቅ ሰው ነው።

ኮምፒውተር ላይ ሙሉ የነበረው ክፈፍ ሲጫን ማዕዘኖቹ ይጠፋሉ

ቴሌግራምም ሆነ ፌስቡክ የፕሮፋይል ፎቶን በክብ ቆርጠው ያሳያሉ። 1000 በ1000 ፒክስል የሆነ ፎቶ ከመሃሉ እስከ ማዕዘኑ 707 ፒክስል ነው፤ ክቡ ግን 500 ላይ ያበቃል። በሰያፍ ሲለካ ከየማዕዘኑ 207 ፒክስል ተቆርጦ ይጣላል ማለት ነው። ዙሪያውን 40 ፒክስል ውፍረት ያለው መስመር ብታሰምሩ የሚተርፈው ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ የተቆረጠ ጥፍር የመሰለ ስባሪ ብቻ ነው።

አንድ ማኅበር ለአዲስ ዓመት አባላቱ ሁሉ የሚለጥፉት ክፈፍ አሠርቶ ነበር። አደይ አበባው አራቱም ማዕዘኖች ላይ ተቀምጧል፤ ቅጠሉና ጥላው ሳይቀር በጥንቃቄ ተሠርቷል። አባላቱ ሲጭኑት አንድም አበባ አልታየም። አንዲት ተመራቂ ደግሞ ስሟን በቀኝ በኩል ታችኛው ማዕዘን ላይ አስጽፋ ከስሟ የተረፈላት የመጀመሪያው ፊደል ነበር። ገንዘብ ተቀብሎ እንዲህ ያለ ሥራ ማስረከብ ነውር ነው። በክብ ቆርጦ ለማየት አንድ ደቂቃ ይበቃል።

መፍትሄው ክፈፉን ከመጀመሪያው በክብ መሥራት ነው። 1000 በ1000 በሆነው ሸራ ላይ በኤሊፕስ መምረጫው ስፋቱም ቁመቱም 880 ፒክስል የሆነ ክብ ምረጡ፤ ከግራም ከላይም 60 ፒክስል ላይ አሳርፉት። ምርጫውን ገልብጡ፤ ፎቶሾፕ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና አይ፣ ጊምፕ ላይ ኮንትሮልና አይ ነው። አዲስ ሌየር ጨምሩና በክፈፉ ቀለም ሙሉት። ቀለሙን ፎቶው የሚቆረጥበት የ1000 ፒክስሉ ክብ ላይ አታቁሙት፤ እስከ ማዕዘኖቹ ድረስ ይሂድ። እንዲህ ሲሆን ሰውየው ሲጭን ፎቶውን በጣቱ ትንሽ ቢያንሸራትተው እንኳ ነጭ ክፍተት አይወጣም። አበባውንም ጽሑፉንም ከ1000ው ክብ ጠርዝ ቢያንስ 10 ፒክስል ወደ ውስጥ አስገቡት። ጸጉርና የምረቃ ቆብ በ880ው ውስጥ ካልገባ ፎቶውን አሳንሱት፤ ቆቡን በክፈፍ አትሸፍኑት።

ክፈፉ ቀጥኖ ይጠፋል፣ ጥለቱ ይደፈርሳል

1000 ፒክስሉ በውይይት ዝርዝር ላይ ወደ 50 ሲወርድ፣ 20 ፒክስል የነበረው መስመር 1 ፒክስል ይሆናል፤ 5 የነበረው ደግሞ ሩብ ፒክስል። የክፈፉን ውፍረት 60 ያልኩት ለዚህ ነው። የሐበሻ ቀሚስ ጥለትና የብራና ሐረግ በቀጫጭን መስመሮች የተሞሉ ስለሆኑ እንዳሉ ሲያንሱ ቀለማቸው ተደባልቆ ቡናማ ይሆናል። እንዲህ ያለ ድንቅ ጥበብ እንዲህ ሲበላሽ ማየት ያሳዝነኛል። ከጥለቱ አንድ ቅርጽ ነጥላችሁ አጉሉና በሁለት ወይም በሦስት ቀለም ሥሩት። ቀጥ ያለውን ጥለት ክብ በሚያደርገው ፊልተር፣ በፖላር ኮርዲኔትስ፣ ስታጠቀልሉት ቅርጹ በሙሉ ቁጥር ካልተደጋገመ መጋጠሚያው ላይ ስብራት ይታያል።

ከኢንተርኔት የወረደው ክፈፍ ነጭና ግራጫ ካሬዎች ይዞ ይመጣል

ግልጽ ፒኤንጂ ነው (ጀርባው ባዶ ሆኖ ከሥሩ ያለውን ያሳያል) ይላሉ፤ ካሬዎቹ ግን ምስሉ ላይ የተሳሉ ናቸው። ለማጽዳት አትድከሙ፣ ጣሉት። ጫፉ መቼም ንጹሕ አይሆንም።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ስትሮክ (በሌየሩ ጠርዝ ዙሪያ የሚሰመረው መስመር) አይታይም፦ ሌየሩ ሸራውን ሞልቶት ስትሮኩ ውጭ ቀርቷል፤ አቀማመጡን ከአውትሳይድ ወደ ኢንሳይድ ለውጡ።

ማዕዘኑ ነጭ ሆነ፦ ጄፔግ ግልጽነትን አይዝም፤ በፒኤንጂ አስቀምጡ።

ቀለሙ ሲጫን ተለወጠ፦ ፋይሉ ለኅትመት በሚውለው የቀለም ሥርዓት በሲኤምዋይኬ ተሠርቷል፤ ለስክሪን ወደሚውለው ወደ ኤስአርጂቢ መልሱት።

ጊምፕ ላይ ያልመረጣችሁት ቀለም ይወጣል፦ ምስሉ ኢንዴክስድ ነው፣ የተወሰኑ ቀለሞችን ብቻ ይይዛል፤ ሞዱን አርጂቢ አድርጉ።

የአማርኛው ጽሑፍ ሳጥን ሆነ፦ ፎንቱ ፊደላችንን አያውቅም፤ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ምረጡ።

ፎቶው ራሱ ሲደበዝዝ

ይህ የሶፍትዌሩ ጥፋት አይደለም። የፕሮፋይል ፎቶውን ስክሪን ሹት አንሥቶ «ክፈፍ ጨምርበት» ብሎ የሚልክ ሰው በክብ የተቆረጠ፣ የተጨመቀ፣ አንዳንዴም ያለፈው ዓመት ክፈፍ ያልተነሣለት ምስል ነው የሚልከው። ከካሜራው የወጣውን ፎቶ ጠይቁ። በቴሌግራም ሲልክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፎቶ የተላከ ይጨመቃል። አንዴ የተጨመቀውን ማጉላት ዝርዝሩን አይመልሰውም፤ ይመልሰዋል ብሎ የሚያስከፍላችሁን አትመኑ። የሌየሮቹን ፋይል፣ ፒኤስዲውን ወይም ኤክስሲኤፉን፣ አትሰርዙ። በሚቀጥለው በዓል ክፈፉ ብቻ ተነሥቶ ሌላ የሚገባው ከዚያ ላይ ነው።