የለስላሳውን ሳጥን ከቤት አውጡት

ለስላሳ በሳጥን የሚገዛው «ለእንግዳ» ተብሎ ነው፤ የሚጨርሰው ግን ባለቤቱ ነው። ሳጥኑን መልሱና እንግዳ ሲመጣ ብቻ ከሱቅ አስመጡ። በማቀዝቀዣው በር ላይ፣ ለስላሳው በነበረበት ቦታ፣ የውኃ ጠርሙስ አቁሙበት፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የሽምብራ ቆሎ ይቀመጥ። እጅ የሚሄደው ዓይን ወዳየው ነው። በአንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ፣ ሰባት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ፈሳሽ ስለሆነ ሳያጠግብ ፈጥኖ ደም ውስጥ ይገባል፤ አዘውትሮ መጠጣቱም ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያጋልጣል። (በካርቶን የሚሸጠው ጣፋጭ «ጭማቂ»ም ከዚህ እምብዛም አይሻልም።)

ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ያለበት ቤት ግን አንድ ሁለት ጠርሙስ አይጥፋ፤ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር በድንገት ሲወርድ ግማሽ ጠርሙስ ይደርስለታል። ስኳር አልባው ግን ለዚህ አይሆንም።