የደበዘዘና የተላጠ የአርቪ ስቲከር፦ እንዴት ይነሳል፣ እንዴትስ ይተካል?

ያገለገለ አርቪ (ቤት አዘል መኪና) ሊገዛ የመጣ ሰው ሞተሩን ከማስነሳቱ፣ ጣሪያው ላይ ከመውጣቱ በፊት ዓይኑ የሚያርፈው ጎኑ ላይ በተሰነጣጠቀው ስቲከር ላይ ነው። ዋጋ ማስቀነስም የሚጀምረው ከዚያ ነው። መኪናው ከውስጥ የቱንም ያህል በደህና ቢያዝ፣ ጎኑ ላይ የተንጠለጠለ የቪኒል ቁርጥራጭ ባለቤቱን ያሳጣዋል።

በአሜሪካ መንገዶች ላይ የሚታዩት እነዚህ ቤት አዘል መኪኖች አብዛኞቹ የሚሠሩት በኢንዲያና ግዛት፣ በኤልክሃርት ከተማና በአካባቢው ነው። ከፋብሪካ ሲወጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚጠማዘዙ ቡናማ፣ ግራጫና ወርቃማ መስመሮች ይለጠፉባቸዋል። ከሩቅ ቀለም የተቀቡ ይመስላሉ፤ ቀርበው ሲያዩአቸው ግን ውፍረቱ ከወረቀት የማይበልጥ ቪኒል ነው። ቪኒል በተፈጥሮው ደረቅ ፕላስቲክ ነው። እንዲተጣጠፍ የሚያደርገው ውስጡ የተቀላቀለበት ማለስለሻ ሲሆን፣ ፀሐይና ሙቀት ይህንን ማለስለሻ ዓመት በዓመት ያስወጡታል። ያን ጊዜ ስቲከሩ ይኮማተራል፣ ጫፉ ይነሳል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። ቀለሙን የሚበላው ደግሞ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ፦ የደበዘዘ ስቲከር ተመልሶ አይደምቅም። በመኪና ዕቃ መደብሮች «ቀለም ይመልሳል» ተብለው የሚሸጡ ቅባት ነክ ፈሳሾች ስቲከሩን ለጥቂት ጊዜ ያጠቁሩታል እንጂ የሄደውን ቀለም አያመጡትም። ዝናብ ሲመታው ያው ነው። የተሰነጠቀውንም በላዩ ላይ ክሊር የሚባለውን ቀለም አልባ ቅብ በመቀባት ለማዳን የሚሞክሩ አሉ፤ ይህ ስንጥቁን ከማተም ያለፈ ጥቅም የለውም፤ በኋላ የማንሳቱን ሥራ ደግሞ እጥፍ ያደርገዋል።

መጀመሪያ ምርመራ

አርቪውን ዞረው ይዩት። ብዙ ጊዜ አንዱ ጎን ከሌላው ይልቅ ተጎድቶ ያገኙታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በአሜሪካ ዋና ምድር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ፣ አንድ ቦታ ለወራት ቆሞ የሚከርም መኪና ወደ ደቡብ ያዞረው ጎኑ ይቃጠላል። ለኢትዮጵያ ሰው ይህ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በአናት ታልፋለች፣ በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን ታጋድላለች። ከጎኖቹም በላይ የሚጎዳው ወደ ሰማይ የተጋደመው ክፍል ነው። ከፊት መስታወቱ በላይ ያለው ግንባር ላይ የተለጠፈው ስቲከር ከሁሉም ቀድሞ የሚሞተው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የስቲከሩን ጠርዝ በጥፍርዎ ይዳብሱ። ጥፍርዎ ጠርዙ ላይ ከተያዘ ስቲከሩ ከላይ የተለጠፈ ስለሆነ በእጅ ሊነሳ ይችላል። ጥፍርዎ ምንም ሳይይዘው ካለፈ ግን ሥዕሉ ከክሊር ሥር ነው፤ በውድ አርቪዎች ላይ ይህ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለውን አይንኩት። ሥራው የአሸዋ ወረቀትና የቀለም ቀቢ ነው።

ጠርዙ ብቻ ተነስቶ መሃሉ ደህና ከሆነ የተነሳውን ክፍል ከግድግዳው አርቀው በመቀስ መቁረጥ ይበቃል። በምላጭ ግድግዳው ላይ አስደግፈው አይቁረጡ፤ ጭረቱ ዕድሜ ልክ ይታያል። ሁሉም ከተሰነጠቀ ማንሳት ብቻ ነው አማራጩ።

ከማንሳትዎ በፊት ይመዝግቡ፣ ከማዘዝዎ በፊት ይሞክሩ

ሁሉንም ጎን ቀጥ ብለው ቆመው ፎቶ ያንሱ። እያንዳንዱ መስመር ከመስኮቱ ጠርዝ፣ ከበሩ ማጠፊያና ከታችኛው የብረት ጠርዝ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚርቅ በሜትር ለክተው ይጻፉ። ለሚጠማዘዙት ቅርጾች ገላጭ ወረቀት በላያቸው ላይ ለጥፈው በእርሳስ ይቅዷቸው። አንዴ ከተነሱ በኋላ ማስታወስ አይቻልም።

አሁን እጅ የሚያህል ቦታ ብቻ ከማይታይ ጥግ አንስተው ሥሩን ይመልከቱ። ብዙ ሰው ይህንን ደረጃ ይዘላል፤ እኔ ግን የቀረው ሥራ ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ስቲከሩ ለዓመታት የሸፈነው ግድግዳ ፀሐይ አልነካውም፤ ዙሪያው ግን ደብዝዟል፣ ዱቄት አውጥቷል። ስለዚህ ስቲከሩ ሲነሳ ቅርጹ በጥላ መልክ ይቀራል። ጥላው ፈዛዛ ከሆነ በፖሊሽ ሊጠፋ ስለሚችል ግድግዳውን ነጭ አድርጎ መተው ይቻላል። ጎልቶ ከታየ ግን አዲሱ ስቲከር አሮጌውን ልክ በልክ የሚሸፍን ወይም ከእሱ በትንሹ የሚሰፋ መሆን አለበት። ይህን ሳያዩ ሌላ ቅርጽ ያለው ውብ ስቲከር ያዘዘ ሰው የሁለት ዘመን ሥዕል በአንድ ግድግዳ ላይ ይዞ ይዞራል።

ለማዘዝ ሲሄዱ ፋብሪካው የቆዩ ሞዴሎችን ስቲከር ላያስቀምጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከፎቶና ከልኬት ቀድተው የሚያትሙ ሱቆች አሉ። የቪኒሉን ዓይነት መጠየቅዎን አይርሱ። ካስት የሚባለው በፈሳሽ መልክ ፈስሶ የሚደርቅ ሲሆን፣ ውፍረቱ 50 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ብዙም አይኮማተርም፣ በእብጠትና በሪቬት ላይም በደንብ ይተኛል። ካለንደርድ የሚባለው በሲሊንደር ተዳምጦ የሚወጣ ስለሆነ ወፈር ይላል፣ ከጊዜ በኋላም ወደ ቀድሞ ቅርጹ ለመመለስ ይሞክራል፤ ጫፉ የሚነሳውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዋጋው ያንሳል፤ ግን ይህን ሁሉ ድካም ከደከሙ በኋላ እሱ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

ማንሳት

ግድግዳውን በሳሙናና በውኃ አጥበው ያድርቁ። አቧራ ካለ ሥራው ሁሉ ጭረት ይሆናል። የሚቆሙበት መሰላል ደልዳላ መሬት ላይ ይሁን፤ ግድግዳው ላይ የሚደገፍ መሰላል ከሆነ ጫፎቹን በጨርቅ ይጠቅልሏቸው።

ሥራውን የሚሠራው ሙቀት ነው። ብዙ ላልደረቀ ስቲከር የፀጉር ማድረቂያ ይበቃል። ለደረቀው ሂትገን የሚባለው የሙቅ አየር መንፊያ ያስፈልጋል። ከዚህ መሣሪያ አፍ የሚወጣው አየር ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ስለሚችል ዝቅተኛው ላይ ያድርጉት፤ ከግድግዳው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀው፣ ሳያቆሙ ወዲያና ወዲህ ያመላልሱት። መንፊያውን ዘወር አድርገው ግድግዳውን ሲነኩት እጅ የሚያስቀምጥ ሙቀት ካለው ልክ ነው፤ እጅ ካላስቀመጠ አልፏል። የብዙ አርቪዎች ግድግዳ ስስ ፋይበርግላስ ከጣውላና ከፎም ጋር በማጣበቂያ ተለብጦ የተሠራ ነው። ከልክ ያለፈ ሙቀት ጄልኮት የሚባለውን የላይኛውን አንጸባራቂ ቅብ ያስነፋዋል፣ ከውስጥ ያለውንም ማጣበቂያ ያላቅቀዋል። ግድግዳው አንዴ ካበጠ ወጪው ከስቲከር ጋር አይወዳደርም።

ከማዕዘን ይጀምሩ። ጫፉ ሲለሰልስ በፕላስቲክ ምላጭ ከፍ ያድርጉትና በጣቶችዎ ይያዙት። ወደ ራስዎ አይጎትቱት፤ በራሱ ላይ ወደ ኋላ አጥፈው በዝግታ ይሳቡት፣ ሙቀቱ ሁልጊዜ ከእጅዎ ጥቂት ቀድሞ ይሂድ። ከሥሩ ሙጫው ቀጫጭን ክር እየሠራ ሲበጠስ ይታያል። ሙጫው ከስቲከሩ ጋር ከመጣ በትክክል እየሠሩ ነው። ግድግዳው ላይ ከቀረ ሙቀቱ በዝቷል ወይም አሳሳብዎ ፈጥኗል። ስቲከሩ በጣትዎ ላይ እየተሰበረ ከመጣ ሙቀቱ አንሷል ማለት ነው፤ ቆም ብለው እንደገና ያሙቁት።

ፈጽሞ የተሰነጠቀው በሙቀትም ቢሆን ጥፍር በሚያህል ስባሪ እንጂ በአንድ ላይ አይነሳም። ለዚህ ከላጲስ ጎማ የተሠራና ድሪል ላይ የሚገጠም ክብ አለ፤ ቪኒሉንም ሙጫውንም ፍቆ ያነሳል። ድሪሉ በክቡ ላይ ከተጻፈው ፍጥነት አይለፍ፣ አንድ ቦታ ላይም አይቁም፤ ፍትጊያው ራሱ ያቃጥላል። የዓይን መከላከያ ያድርጉ፣ ምክንያቱም ፍርፋሪው በየአቅጣጫው ይበተናል። የአንዳንድ አርቪዎች የፊትና የኋላ ግንባር ከፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ እዚያ ላይ ይህንን ክብ አይጠቀሙ፤ ይቀልጣል።

ይኸው ዘዴ አገር ቤት ለሚኒባስና ለጭነት መኪና ስቲከርም ያገለግላል፤ ልዩነቱ ቆርቆሮው ሙቀትን የሚችል መሆኑ ነው። እዚያ የሚፈራው ቀለሙ ነው። ጋራዥ ውስጥ እንደገና የተቀባና በደንብ ያልያዘ ቀለም ከስቲከሩ ጋር ተላጥቶ ይመጣል። ስለዚህ ትንሽ ቦታ መሞከር እዚያም ይቀድማል።

ሙጫውና ጥላው

የቀረውን ሙጫ ከብርቱካን ልጣጭ ዘይት በሚሠራ ማስለቀቂያ ያርጥቡት፣ ጥቂት ደቂቃ ይተዉት፣ ከዚያ በፕላስቲክ ምላጭ ይሰብስቡት። አሴቶንና ቲነር ይቅሩ፤ ቀለምን ያሟሟሉ፣ ፕላስቲክን ይበላሉ፣ የመስኮት ጎማንም ያበላሻሉ። የብረት ምላጭና የሽቦ ብሩሽማ ጭራሽ አይታሰቡም። ሙጫው ሲያልቅ ማስለቀቂያው ራሱ ቅባት ትቶ ስለሚሄድ በሳሙና አጥበው በአልኮል ይወልውሉት።

ጥላውን ለመቀነስ የሚሠራው በጥላው ላይ ሳይሆን በዙሪያው ነው፤ ያረጀው ዙሪያው ነውና። ኮምፓውንድ የሚባለውን ፋቂ ቅባት በማሽን ወይም በእጅ እየቀቡ የደበዘዘውን ንብርብር ያነሱታል፣ በፖሊሽ ያለሰልሱታል። ጄልኮቱ ስስ ስለሆነ ጥላው እስኪጠፋ ልፋቅ ማለት አደጋ አለው። በተወሰነ ብርሃን ብቻ የሚታይ ደረጃ ላይ ከደረሰ በቃ። አዲስ ስቲከር የሚለጥፉ ከሆነ ሰም አይቀቡ፤ ሰም የነካው ቦታ ላይ ስቲከር አይይዝም። ነጭ አድርገው የሚተዉት ከሆነ ግን ሰሙ የግድ ነው።

መለጠፍ

ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በፋራናይት ከ60 እስከ 85 ገደማ የሆነ፣ ነፋስ የሌለበት ቀን ይምረጡ፤ ጥላ ውስጥ ይሥሩ። ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፣ በተለይ ለረጃጅሞቹ መስመሮች።

ስቲከሩን ጀርባውን ሳይልጡ በወረቀት ፕላስተር ቦታው ላይ ያቁሙት፤ ራቅ ብለው ይዩት፣ በጻፉት ልኬት ያረጋግጡት። ልክ ሲሆን መሃሉ ላይ ከላይ ወደ ታች ፕላስተር ይለጥፉበት። ከዚያ አንዱን ግማሽ አንስተው የጀርባውን ወረቀት እስከ መሃል ይላጡና ይቁረጡ፤ በጨርቅ በተጠቀለለ የፕላስቲክ ማስተኛ ከመሃል ወደ ጠርዝ እየገፉ ያስተኙት። ሌላውን ግማሽ እንዲሁ። ለተራ ቪኒል በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምረው ግድግዳውን ቢረጩ ስቲከሩ ይንሸራተትልዎታል፣ ማስተካከልም ይቻላል። ጀርባው ላይ የአየር ማስወጫ መስመሮች ያሉት ቪኒል ግን በደረቁ ብቻ ነው የሚለጠፈው።

አየር ከታፈነ በመርፌ ቀዳዳ አብጅተው ወደ ቀዳዳው ይግፉት። የበርና የሳጥን መክፈቻ ላይ ሲደርሱ ስቲከሩን አሻግረው አይተዉት፤ በስንጥቁ ልክ ቆርጠው ጠርዙን በመጠኑ አሙቀው ይጫኑት። ስቲከሩን ከፊት በኩል የያዘውን ማስተላለፊያ ወረቀት በመጨረሻ፣ በራሱ ላይ አጥፈው በዝግታ ያንሱ።

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አይጠቡት፤ ሙጫው ገና አልያዘም። ከዚያ በኋላ በእጅ ማጠብ ይበቃል። የግፊት ውኃ ከተጠቀሙ አፉን ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ያርቁ፣ ውኃውንም ፊት ለፊት እንጂ ከጠርዙ ሥር በሚገባ አቅጣጫ አይልቀቁት። አልትራቫዮሌት የሚከላከል፣ ነዳጅ ነክ ያልሆነ ቅብ በየጥቂት ወሩ ይቀቡለት። መኪናው ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነም ባለፈው ክረምት ወደ ደቡብ ያዞሩትን ጎን በሚቀጥለው ወደ ሰሜን ያዙሩት።