ጽሑፋችሁ ለምን ተመለሰ? ኮድ ያለበት ጽሑፍ ስትልኩ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ለአንድ የፕሮግራመሮች ማህበረሰብ የሚላኩ ጽሑፎችን እገመግማለሁ። ክፍያ የለውም። ማታ ማታ ከስራ በኋላ ነው የማነበው፤ ስለዚህ አንዳንድ ቦታ ቆጣ ካልኩ ይቅርታ። ጽሑፍ የሚመለስባቸው ምክንያቶች ብዙ ይመስላሉ እንጂ ጥቂት ናቸው። ከነሱም አንዱ ብቻውን ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል፤ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ፊደል ማረም፣ ርዕስ መስጠት፣ ምድብ መምረጥ ታውቁበታላችሁ፤ አልነካውም።

ምልክት፦ «እኔ ጋ አይሰራም» የሚል ኮሜንት ይዘንባል

የጸሐፊው መልስ ሁሌም «እኔ ጋ ይሰራል» ነው። አልዋሸም። እሱ ጋ ይሰራል። ግን ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ኮድና ጽሑፉ ውስጥ የገባው ኮድ አንድ አይደሉም። ከኤዲተር ወጥቶ ጽሑፉ ላይ እስኪደርስ መንገድ ላይ ተቀይሯል። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው «ኮዱ በየት በኩል አለፈ?» ብዬ ነው።

ዎርድ ላይ ከተጻፈ ወይም እዚያ «ትንሽ ከተስተካከለ» ተጠርጣሪው የጥቅስ ምልክት ነው። ዎርድ ቀጥ ያለውን (") ጥምዝ (“ ”) ያደርገዋል። ለደብዳቤ ያምራል። ፓይተን ግን «ይሄን ካራክተር አላውቀውም» ብሎ ይቆማል። ሁለት ሰረዝንም (--) ወደ አንድ ረጅም ሰረዝ (—) ይለውጠዋል፤ ተርሚናል ላይ የሚጻፈው ትዕዛዝ እዚያው ይሞታል። አይፎንም ኪቦርዱ ላይ «ስማርት ፓንክችዌሽን» የሚባለው ካልጠፋ ያንኑ ያደርጋል። ዎርድ ላይ ለማጥፋት ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ፕሩፊንግ፣ አውቶኮሬክት ኦፕሽንስ ብላችሁ ትገባላችሁ፤ «አውቶፎርማት አዝ ዩ ታይፕ» የሚለው ታብ ላይ ታገኙታላችሁ። ከዚህ ሁሉ ግን ኮድን ዎርድ ውስጥ አለመጻፍ ይቀላል። ኖትፓድ እንኳ ይሻላል።

ቀጥሎ ቴሌግራም። የኛ ሰው ሁሉን ነገር የሚያሳልፈው በቴሌግራም ነው። ከስልክ ወደ ላፕቶፕ፣ ከላፕቶፕ ወደ ጓደኛ፣ ድራፍቱ ደግሞ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ። ቴሌግራም በግራና በቀኙ ሁለት ሁለት የታች መስመር (__) ያለበትን ቃል ጋደል ያለ ጽሑፍ ያደርገውና መስመሮቹን ይበላቸዋል። የፓይተን ክላስ የሚነሳበት __ኢኒት__ ባዶውን «ኢኒት» ሆኖ ይወጣል። ይሄ ከሁሉም ክፉው ነው፤ ምክንያቱም ክላሱ ራሱ ሲነበብ ምንም ኤረር አይሰጥም። ፈንክሽኑ ተራ ፈንክሽን ሆኖ ቁጭ ይላል። ኤረሩ የሚመጣው ታች ወርዶ ክላሱን ስትጠሩት ነው፣ «ምንም አርጊውመንት አልቀበልም» ብሎ። ጀማሪው አንባቢ ጥፋቱን ታች ሲፈልግ ያድራል፤ ጥፋቱ ላይ ነው ያለው።

ዴስክቶፕ ቴሌግራም ላይ ኮድ ስትጽፉ ደግሞ << የሚለው ወደ « ይቀየራል። አንድ ጸሐፊ ስለ ሲ++ ያመጣው ጽሑፍ ላይ ስክሪን ላይ የሚያትመው መስመር ሁሉ በ« ተሞልቶ ነበር። እሱም አላየውም፣ ያነበበለት ጓደኛውም አላየውም። አይፈረድባቸውም። አማርኛ አንባቢ « ን ሲያይ ነው ያደገው፣ ዓይኑ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ኮምፓይለር አያልፍም። ቴሌግራምን መተው ካልቻላችሁ ኮዱን ፋይል አድርጋችሁ ላኩት። ሜሴጅ ሳጥን ውስጥ አትለጥፉት።

ሦስተኛው የኛው የራሳችን ነው። ማብራሪያውን በአማርኛ እየጻፉ ቆይተው ኪቦርዱን ሳይመልሱ ኮዱ ውስጥ አንዲት ነገር መንካት። በኮማ ፈንታ ፣ በሴሚኮለን ፈንታ ፤ በኮለን ፈንታ ፡ ይገባል። የመጨረሻው ስልክ ስክሪን ላይ ከ : ጋር መንታ ነው። አዲሶቹ የፓይተን ቨርዥኖች የማይሆነውን ካራክተር ከነዩኒኮድ ቁጥሩ ያሳያሉ፤ ኤረሩን አንብቡት እንጂ ስክሪንሾት አንስታችሁ ግሩፕ ላይ አትጣሉት።

በአማርኛ የቫሪያብል ስም ለምትጠቀሙም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደል በስምነት ይቀበላል፣ ለጀማሪ ማስተማሪያ ሸጋ ነው። አንድ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ደርሶኝ ከላይ «ዕድሜ» ተብሎ የተሰየመው ቫሪያብል ታች «እድሜ» ተብሎ ተጠርቷል። ለኛ አንድ ቃል ነው። ለፓይተን ሁለት ስም ነው፤ ሁለተኛውን «እንዲህ የሚባል አልተሰየመም» ይለዋል። ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ ያለበትን ስም አንድ ጊዜ ጻፉና ከዚያ በኋላ ኮፒ አድርጉ። በእጅ አትድገሙት።

አራተኛ፣ ኮዱ በትክክል ደርሶ ገጹ ላይ ሲወጣ የሚጎድል አለ። አንድ የጃቫ ጽሑፍ ላይ ማዕዘን ቅንፍ (< >) ውስጥ የነበረ ነገር በሙሉ ጠፍቶ ነበር፤ ሊስቱ የምን ሊስት እንደሆነ አይታወቅም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጆን ግሩበር በ2004 ማርክዳውንን (ተራ ጽሑፍን በጥቂት ምልክት ወደ ድረ ገጽ የሚቀይር አጻጻፍ ነው) ሲያወጣ ኤችቲኤምኤል መሃል ላይ እንዲገባ ፈቅዷል። ስለዚህ ከኮድ ብሎክ ውጪ የተጻፈ < > ታግ መስሎ ይታለፋል። ብራውዘሩም የማያውቀውን ታግ አያሳይም። ከኮዱ በላይ ሦስት ባክቲክ (```)፣ ከታችም ሦስት። ባክቲክ ኪቦርዱ ላይ ከ1 በስተግራ ያለው ቁልፍ ነው፤ የጥቅስ ምልክት አይደለም፣ አፖስትሮፍም አይደለም። ይሄን የምጽፈው ሦስት አፖስትሮፍ አድርገው የሚልኩ ስላሉ ነው። ብዙ ናቸው። ዓረፍተ ነገር መሃል ለምትጠቅሱት ነጠላ ስም ደግሞ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ባክቲክ ይበቃል።

አምስተኛው የሚያናድደኝ ነው። ማሳመር። ኮዱ ጽሑፉ ውስጥ ከገባ በኋላ ጸሐፊው «ይሄ ስም ለአንባቢ ግልጽ አይደለም» ብሎ እዚያው ጽሑፉ ላይ የቫሪያብል ስም ይቀይራል። አራት ቦታ ላይ ያለውን ሦስቱን ቀይሮ አንዱን ይረሳል። ሀሳቡ ጥሩ ነበር። ግን ስም የሚቀየረው ኤዲተር ውስጥ ነው፤ ተቀይሮ፣ ራን ተደርጎ፣ ከዚያ ሙሉው እንደገና ኮፒ ይደረጋል። ጽሑፉ ውስጥ ያለ ኮድ አይነካም። ኮማ እንኳ ቢሆን አይነካም።

የሁሉም መፍትሄ፦ ባዶ ፎልደር

ጽሑፉን ፕሪቪው ላይ (ከመውጣቱ በፊት አንባቢ እንደሚያየው የሚታይበት ገጽ) ክፈቱት። አዲስ ባዶ ፎልደር ፍጠሩ። ከፕሪቪው ላይ፣ እንደ ማንኛውም አንባቢ፣ ከላይ ወደ ታች እየተከተላችሁ እያንዳንዱን ኮድ ኮፒ እያደረጋችሁ አስገቡ። ጽሑፉ «ይሄን ጫኑ» ካላለ አትጫኑ። ጽሑፉ «ይሄን ፋይል ፍጠሩ» ካላለ አትፍጠሩ። ከራሳችሁ ጭንቅላት ምንም አትጨምሩ። የሆነ ቦታ ላይ ትቆማላችሁ፤ የምትቆሙበት ቦታ አንባቢው የሚቆምበት ቦታ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ከኤዲተራችሁ ኮፒ ካደረጋችሁ ምንም አልፈተናችሁም። ከፕሪቪው ነው ያልኩት።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ፓይተን ከሆነ አዲስ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት (ላይብረሪዎቹ ከሌላው ተለይተው የሚጫኑበት ቦታ) ይሁን። ድሮ የጫናችሁት ላይብረሪ የጽሑፉን ጉድለት ይሸፍንላችኋል። የኖድ (የጃቫስክሪፕት) ፕሮጀክት ከሆነም «ኖድ ሞጁልስ» የሚለው፣ የተጫኑ ላይብረሪዎች የሚቀመጡበት ፎልደር ሳይኖር ጀምሩ።

እዚያው ሳላችሁ፦ ኢንደንቴሽኑ (መስመሩ ከመጀመሩ በፊት ያለው ክፍተት) ተጠብቆ መውጣቱን በዓይናችሁ እዩ። ፓይተን ላይ ታብና ስፔስ ከተቀላቀለ ኤዲተራችሁ ውስጥ እኩል የመሰለው ሌላ ቦታ እኩል አይሆንም።

አንድ ተማሪ ይሄን እንዲያደርግ ብዬ ጽሑፉን መለስኩለት። ተናደደ። «ሰርቷል እኮ፣ ቪዲዮ ልላክልህ?» አለኝ። ቪዲዮ አልፈልግም፣ ባዶ ፎልደር ነው የምፈልገው አልኩት። ሲሞክረው ዳታቤዙን የሚፈጥረው ፋይል ጽሑፉ ውስጥ ጭራሽ የለም። እሱ ጋ ከወራት በፊት ስለተፈጠረ ትዝ አላለውም።

ምልክት፦ ኮዱ ለግማሹ አንባቢ ይሰራል፣ ለግማሹ አይሰራም

ቨርዥን አልጻፋችሁም። ፓይተን 2 ድጋፉ የቆመው በጃንዋሪ 2020 ነው፤ ፕሪንት ላይ ቅንፍ የሌለበት ጽሑፍ ግን አሁንም ይደርሰኛል። የፒኤችፒው ይብሳል። «ሎጊን ፔጅ እንዴት እንደሚሰራ» የሚሉ ጽሑፎች ከድሮ የመመረቂያ ፕሮጀክት ተገልብጠው ይመጣሉ፤ ውስጣቸው ያሉት የድሮዎቹ የማይኤስኪውኤል ፈንክሽኖች በ2015 መጨረሻ ፒኤችፒ 7 ሲወጣ ተነስተዋል። ያ ብቻ ቢሆን ጥሩ። ተጠቃሚው የጻፈውን ስም በቀጥታ ወደ ዳታቤዙ በሚላከው ኩዌሪ ውስጥ ይቀጥሉታል። ይሄን ማስተማር በር ክፍት ትታችሁ ሂዱ ብሎ ማስተማር ነው። ፒዲኦ (ፒኤችፒ ከዳታቤዝ ጋር የሚገናኝበት መንገድ) ተጠቀሙ፣ ፕሪፔርድ ስቴትመንት (ተጠቃሚው የጻፈው ከኩዌሪው ተለይቶ የሚገባበት) አድርጉ፣ ካልሆነ አላሳልፍም። መግቢያው ላይ ደግሞ የቋንቋውን፣ የዋናውን ላይብረሪና የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ቨርዥን በአንድ መስመር ጻፉ።

ዊንዶውስ ላይ ሰርቶ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ «ፋይሉ የለም» ካለ፣ የፋይሉ ስም ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል አምታታችኋል።

ምልክት፦ ኮዱ ይሰራል፣ መልሱ ስህተት ነው

ብርቅ ነው ግን ያጋጥማል። ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ ቀን የሚቀይር ፕሮግራም የብዙ ጀማሪ የመጀመሪያ ጽሑፍ ነው። አብዛኞቹ አዲስ ዓመትን ሁሌ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይተክሉታል። መስከረም 1 ቀን 2016 ግን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ላይ ነበር የዋለው፤ ከእሱ በፊት የነበረው ዓመት ጳጉሜ 6 ስለነበረው። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ጳጉሜ 6 አለው፤ 2015 እንዲያ ነበር፣ 2019ም እንዲያው ነው። ፕሮግራሙን በጥር 10 ብቻ ፈትናችሁ አትላኩ። ጳጉሜ 5ን፣ ጳጉሜ 6ንና መስከረም 1ን ስጡት።

ምልክት፦ የሰራችሁት የቴሌግራም ቦት ያላዘዛችሁትን መልዕክት ይልካል

ቶክኑን (ቦቱን የሚያዝዘውን ሚስጥር ቁልፍ) ጽሑፉ ውስጥ አውጥታችሁታል። እባካችሁ። ቦትፋዘር (ቦት የሚፈጠርበት የቴሌግራም ቦት) ጋ ገብታችሁ አሁኑኑ ሪቮክ አድርጉት (ሰርዙት)፣ ከዚያ ነው ጽሑፉን የምታርሙት። በዚህ ቅደም ተከተል። ጽሑፉን ማረም ብቻ አይበቃም፣ ያየው ሰው አይቶታል። ኮዱን በጊት ያስቀመጣችሁበት ሪፖ ላይም መስመሩን አጥፍቶ አዲስ ኮሚት ማድረግ አይበቃም፤ ጊት የድሮውን ይዞ ይቀመጣል። የክፍያ ኤፒአይ ቁልፍና የዳታቤዝ ፓስወርድም እንዲሁ ናቸው። ግማሹን በጥቁር ቀብቶ ስክሪንሾት ማስገባትም አለ፤ ቀለሙ በስልክ ማርከር ከሆነ አንዳንዴ ብርሃኑ ሲጨመር ከስሩ ይታያል።

ስለ ስክሪንሾት ካነሳን፣ ኮድን በፎቶ አትላኩ። ኮፒ አይደረግም፣ በሰርች አይገኝም፣ በስክሪን ሪደር የሚያነብ ዓይነ ስውር ፕሮግራመር ምንም አያገኝበትም። በሞባይል ዳታ የሚያነበውም ይከፍልበታል። ፎቶ የፕሮግራሙን መልክ ለማሳየት ነው። ፎቶው እናንተ ጋ ብቻ የሚታይ ከሆነ ደግሞ አድራሻው ወደ ራሳችሁ ዲስክ የሚጠቁም ነው፤ አፕሎድ አልተደረገም።

ሌሎቹ ባጭሩ

አማርኛው ጥያቄ ምልክት (????) ብቻ ከሆነ፦ ጽሑፉ የተቀመጠበት ዳታቤዝ ወይም ፋይል ዩቲኤፍ-8 (የግዕዝ ፊደልንም የሚይዘው አቀማመጥ) አይደለም። የጠፋው አይመለስም፣ እንደገና ላኩ። ትንንሽ ሳጥን ከሆነ ግን ጽሑፉ ደህና ነው፣ የጎደለው ፎንት ነው። የላቲን ፊደል ትርምስ ከሆነ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

ገምጋሚው «ይሄ ፈንክሽን የለም» ካለ፦ ኤአይ ነው የጻፈላችሁ፣ እናንተም ራን አላደረጋችሁትም። የሌለ ላይብረሪ ስም ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ በዚያ ስም ሌላ ሰው ተንኮለኛ ፓኬጅ ሊያወጣበት ይችላል።

ዚፑ ከመጠን በላይ ከከበደ፦ ኖድ ሞጁልስን አብራችሁ ጠቅልላችኋል። አውጡት።

ርዕሱ ላይ «ክፍል 1» ካለ፦ ክፍል 2ን ጻፉና አብራችሁ ላኩ። ማህደሩ ውስጥ ያሉት ክፍል አንዶች ወንድም አላገኙም።

ሲመለስላችሁ እንደ አዲስ አትላኩት። እዚያው ያለውን አርሙና የቀየራችሁትን በሁለት ሦስት መስመር ጻፉ፤ አዲስ ከሆነ የበፊቱ አስተያየት ይጠፋና ሌላ ገምጋሚ ከዜሮ ይጀምረዋል። «አስተካክያለሁ» ብቻ ብሎ መላክ አይቆጠርም። ባዶ ፎልደሩ ውስጥ ራን ስታደርጉት የወጣውን ውጤት ከስሩ ለጥፉት፤ እንዲህ ያለው ብዙውን ጊዜ በዚያው ማታ ያልፋል።