ሥራ ሞልቶ ብር የሚያጥረው ኮንትራክተር፦ ችግሩና መፍትሄው

ምልክት፦ አምስት ሳይት ክፍት ነው። የቀን ሠራተኛ ክፍያ ሲደርስ ግን ሥራ አስኪያጁ ስልክ አያነሳም፣ ፌሮ በዱቤ የሰጠው ነጋዴም ቢሮ በር ላይ ቆሟል።

መንስኤ፦ ሁሉም «ባለቤቱ (ሥራውን የሚያሠራው) ክፍያ አዘገየብን» ይላል። እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ግን መጀመሪያ ውላችሁን ገልጣችሁ እዩ። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የፊዲክ ውል (የአማካሪ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ያዘጋጀው መደበኛ የግንባታ ውል) ባለቤቱ የሚከፍለው ሥራውን የሚቆጣጠረው አማካሪ መሐንዲስ የክፍያ ጥያቄውን ከተቀበለ በኋላ በ56 ቀን ውስጥ ነው። ስለዚህ በወሩ መጀመሪያ ለሲሚንቶ ያወጣችሁት ብር የወሩ ሥራ ተለክቶ፣ ጥያቄው ገብቶ፣ ያ 56 ቀን ተቆጥሮ ሲመለስ ሦስት ወር ሊሞላው ነው፤ ይሄ እንግዲህ ማንም ሳያዘገይ። ሳይቱ በወር 4 ሚሊዮን ብር የሚበላ ከሆነ ወደ 12 ሚሊዮን ከራሳችሁ ይወጣል። አምስት ሳይት? 60 ሚሊዮን። ብዙዎች ይሄን የሚሸፍኑት በአዲስ ሥራ አድቫንስ፣ ማለትም በቅድሚያ ክፍያ ነው። አድቫንስ ደግሞ ስጦታ አይደለም፣ ከየክፍያው ይቆረጣል። አዲሱ ሥራ የአሮጌውን ቀዳዳ ደፍኖ የራሱን ይከፍታል፣ ለዚያም ሌላ ጨረታ ይፈለጋል።

መፍትሄ፦ ለየሳይቱ በየወሩ የሚገባውንና የሚወጣውን አንድ ገጽ ላይ ጻፉ፣ ከዚያ ሁሉንም ደምሩ። ብሩ በጣም የሚጎድልበት ወር ይታያል። ጉድለቱ በእጃችሁ ካለው ብርና ባንክ ከሚፈቅደው ብድር ከበለጠ የሚቀጥለውን የጨረታ ሰነድ አትግዙ። ስትራቴጂ ማለት በአብዛኛው የትኛውን ሥራ እንደምትተዉ መወሰን ነው፤ ራዕይና ተልዕኮ ተጽፎበት ጥሩ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ሰነድ ደሞዝ አይከፍልም። የየሥራውን አድቫንስም በተለየ ሂሳብ ያዙ።

ምልክት፦ መርሐ ግብሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ሳይቱ ግን አያውቀውም።

መንስኤው፣ ለጨረታ ተብሎ ቢሮ ውስጥ የተሠራ መሆኑ ነው። ሐምሌና ነሐሴ እንደ ማንኛውም ወር ተቆጥረው የመሠረት ቁፋሮ ክረምት ላይ ይወድቃል። ፎርማኑን ጨምራችሁ እንደገና ሥሩት፣ በየሳምንቱም የሚመጡትን ሦስት ሳምንታት ብቻ አውጥታችሁ ምን ዕቃ፣ የትኛው ሥዕል፣ የማን ፈቃድ እንደሚቀር ጠይቁ።

ምልክት፦ የዘገየው ባለቤቱ ነው፣ የተቀጣችሁት ግን እናንተ።

ባለቤቱ ስላዘገየን ጊዜ ወይም ብር ይጨመርልን የሚል ማሳወቂያ ስላልጻፋችሁ ነው። በዚያው የፊዲክ ውል ነገሩን ካወቃችሁ ወይም ማወቅ ከነበረባችሁ ቀን ጀምሮ ሳታሳውቁ 28 ቀን ካለፈ ጥያቄያችሁ ይወድቃል። «ከአማካሪው ጋር ተግባብተናል» አይሠራም። ማሳወቂያውን የሚጽፍ አንድ ሰው ሰይሙ፣ የሳይት መዝገቡን በየሳምንቱ ያንብብ።

ምልክት፦ ስትፈርሙ የነበረው ትርፍ ግማሽ መንገድ ላይ የለም።

በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ሊፍትና የኤሌክትሪክ ዕቃ በድሮ ዋጋ ያሰላ ሰው ምን እንደደረሰበት ታውቃላችሁ። ዋጋ ከመሙላታችሁ በፊት ውሉ የዋጋ ማስተካከያ እንዳለው እዩ። ከሌለው ከውጭ የሚገባውን ዕቃ አድቫንሱ እንደገባ ግዙ፣ ካልቻላችሁ ዋጋችሁን ከፍ አድርጉ።