ሸርተቴ ወርደህ ኳሱን ትተህ እግር የምታገኘው ለምንድነው? ችግርና መፍትሄ ለተከላካይ

ሸርተቴ፣ ማለትም መሬት ላይ ተንሸራትቶ ኳስ መቀማት፣ አልሳካ ያለው ተከላካይ መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ እግሩ ነው፣ እንዴት ልዘርጋ እንዴት ልውደቅ ምናምን። አብዛኛው ችግር ግን ከመውደቅህ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት እርምጃዎች ላይ ነው ያለው፣ ስለዚህ ከታች ያለው መፍትሄ ሁሌ ወደ ሩጫው ቢመልስህ እንዳይገርምህ።

ችግር፦ ኳሱ አልፎ ይሄድና አንተ የሰውየው ቁርጭምጭሚት ላይ ትደርሳለህ

ምክንያቱ ኳሱ እግሩ ስር እያለ ስለምትወርድ ነው። እግሩ ላይ ከሆነች አንዴ ነካ አርጓት ያልፋል፣ አንተ ደግሞ መሬት ላይ ከወረድክ በኋላ አቅጣጫ መቀየር የሚባል ነገር የለም፣ የጀመርከውን ትጨርሳለህ እሱም ይወድቃል። ኳስ የሚወሰደው በሁለት ንክኪ መሀል ነው፣ ገፋ አርጓት ከእግሩ ስትርቅና እሱ ገና እየተከተላት እያለ። ክንፍ ላይ ያለ ፈጣን አጥቂ ለመሮጥ ሲል ረዘም አርጎ ይገፋታል፣ ያቺ ናት ሰዓትህ።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ጭራሽ አትውረድ። ጓደኛህ በመስመሩ ኳስ እየገፋ ይሩጥ፣ አንተ ጎን ለጎን እየሮጥክ ኳሷ ከእግሩ በለቀቀች ቁጥር "አሁን!" በል፣ በቃ ይሄው ነው ልምምዱ። ድምፅህና ኳሷ መግጠም ሲጀምሩ ነው ወደ መውረዱ የምትሄደው። አይንህ ኳሷ ላይ ይሁን፣ ትከሻና ወገብ እያየህ ከሆነ ይሸውድሃል። በ1970 (እ.ኤ.አ.) የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ የእንግሊዙ ተከላካይ ቦቢ ሙር ከብራዚሉ አጥቂ ከጃይርዚንሆ የቀማትን ኳስ ፈልገህ እይ፣ ጃይርዚንሆ ኳሷን ይዞ በፍጥነት እየመጣበት ሙር ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ሳጥን ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው እግሩን የሚልከው። ሰው የሚያወራው ስለ እግሩ ነው፣ እኔን የሚገርመኝ ግን መጠበቁ ነው።

ችግር፦ ኳሱን ነክቼ እያለ ዳኛው ፋውል ይላል

እዚህ ጋር ሁሉም ይጨቃጨቃል። "ኳስ ነክቻለሁ እኮ!" ማለት ነፃ አያወጣህም። በእግር ኳስ ህጉ አንቀፅ 12 መሰረት ዳኛው የሚያየው አገባብህን ነው፣ ጥንቃቄ የጎደለው ከሆነ ቅጣት ምት፣ ለሌላው ሰው አደጋ ግድ ሳትሰጥ ከገባህ ቢጫ፣ ከልክ ያለፈ ጉልበት ከተጠቀምክ ወይ የሰውየውን ደህንነት አደጋ ላይ ከጣልክ ቀይ። ከፊት ይሁን ከጎን ይሁን ከኋላ፣ በአንድ እግር ይሁን በሁለት፣ ለውጥ የለውም። ሳጥን ውስጥ ግልፅ የጎል እድል አበላሽተህ ከሆነ ደግሞ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኳሱን ለመጫወት ሞክረህ ከነበረ ፔናሊቲና ቢጫ ነው፣ ሳትሞክር ከጣልከው ቀይ።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንግል ነው። ቀጥታ ከኋላው ከወረድክ በአንተና በኳሱ መሀል የእሱ እግር አለ፣ ኳሱን ብታገኝ እንኳን እሱን አልፈህ ነው። መፍትሄው ከጎኑ መድረስ ነው፣ ትከሻህ ቢያንስ ወገቡ ጋር ካልደረሰ መውረዱን እርሳውና ሩጥ፣ ወደ መስመር አስወጣው። የታኬታህ ጥርስ ደግሞ ወደ ሰው አይዙር፣ የሚጠርገው እግር መሬቱን ታክኮ ይሂድ፣ ከፍ ካለ ቅልጥም ነው የሚያገኘው።

ችግር፦ ጭንና ጉልበት ይላጣል

ይሄ መሀል አዲስ አበባ ለሚጫወት ሰው የታወቀ ነው፣ ምክንያቱም ሜዳችን አንድ አይነት አይደለም። በሰዓት የሚከራዩት ሰው ሰራሽ ሳሮች ላይ በፀሀይ ሰዓት ያ ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ይግላል፣ ደረቁ ሳር ደግሞ ቆዳ ይዞ ይቀራል፣ ስለዚህ በጠዋት ወይ ዝናብ ካረፈበት በኋላ ተለማመድ፣ ከቁምጣው ስር ታይት ልበስ። ረጃጅም ጥርስ ያለው ታኬታ እዚያ ላይ ይነክስና ጉልበትህን ይጠመዝዘዋል፣ አጫጭር ጥርስ የበዛበት ይሻላል። ክረምት ላይ እርጥብ ሳር ከሆነ በተቃራኒው ካሰብከው በላይ ስለሚወስድህ ከሩቅ ከጀመርክ ሰውየው ውስጥ ትገባለህ፣ ፍጥነትህን ቀንስ። እሁድ አስፋልት ላይ በድንጋይ ጎል ስትጫወት ግን ሸርተቴ የሚባል ነገር የለም፣ አራት ነጥብ።

ሌላው ምክንያት የምታርፍበት የሰውነት ክፍል ነው። ብዙ ሰው በጉልበቱ ይወርዳል። መውረድ ያለብህ በጭንህ ውጪኛው ጎንና በቂጥህ ነው፣ ከታች ያለው እግር ታጥፎ፣ ሌላው ተዘርግቶ። መሬት ላይ ቁጭ ብለህ መጨረሻ ላይ የምትሆነውን ቅርፅ ያዝ፣ ከዛ ከእርምጃ ውረድ፣ ከዛ ከሶምሶማ የቆመ ኳስ ላይ፣ ሰው የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው።

ከተላጥክ በውሃና ሳሙና እጠበው፣ ሸፍነው፣ ቡና አትነስንስበት። ጃን ሜዳ አይነት ፈረስ የሚሮጥበት አፈር ላይ ከሆነ የቲታነስ ክትባትህ ጊዜው አልፎበት እንደሆነ ጤና ጣቢያ ጠይቅ።

ችግር፦ የእጅ አንጓ ያማል

ወደ ኋላ መዳፍህን መሬት ላይ ተክለህ ስለምትወርድ ነው። እጅህን ከፍ አርገህ ያዝ። ህመሙ ከአውራ ጣት ስር ከሆነና ካልለቀቀ ራጅ ተነሳ፣ እዚያ ያለችው ትንሽ አጥንት ስትሰነጠቅ ወለምታ ትመስላለች።

ችግር፦ ብሽሽት ይሳባል

ሩቅ ያለ ኳስ ላይ ስለምትዘረጋ ነው። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍፃሜ የአርጀንቲናው ማስቸራኖ የሆላንዱን ሮበን ምት በመጨረሻው ደቂቃ ተዘርግቶ ሲያወጣ ፊንጢጣው እንደተቀደደ ራሱ ተናግሯል፣ ያ የዓለም ዋንጫ ነው ወንድሜ፣ አንተ የሰፈር ጨዋታ ላይ ነህ። ሳትሟሟቅ አትውረድ፣ እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ደግሞ ሰው መጨረሻ ላይ እግሩ ይከዳውና መሮጥ ሲያቅተው ነው ሸርተቴ የሚያምረው።

ችግር፦ ኳሱን አወጣሁ ግን ጎል ገባ

ሁለቱንም እግር ዘርግተህ ከወረድክ ተኝተህ ትቀራለህ፣ ከታች ያለው ከታጠፈ ግን በእሱ ተደግፈህ በዛው ፍጥነት ትነሳለህ። ሌላው የምትጠርግበት አቅጣጫ ነው፣ ወደ መሀል ከላክሃት ሁለተኛው አጥቂ ይጠብቃታል፣ ወደ መስመር ከላክሃት ውርወራ ትሆንና ተነስተህ ቦታህን እስክትይዝ ጊዜ ታገኛለህ።