ቲም ሊድ ሆንክ? በቅድሚያ እጅህን ከኪቦርዱ ላይ አንሳ

ጎበዝ ኮድ ጸሐፊ ነህ ተብለህ ቲም ሊድ፣ ማለትም የኮድ ጸሐፊዎች ቡድን መሪ፣ ትደረጋለህ። ደሞዙ ትንሽ ይጨመራል፣ ስብሰባው ደግሞ ብዙ። ሥራው ግን ሌላ ሥራ ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት የልጆቹን ኮድ ማታ ቤቴ ገብቼ እንደ አዲስ ስጽፍ ነው ያሳለፍኩት፤ ጠዋት ሲመጡ የለፉበት ነገር የለም፣ እኔ እንቅልፍ የለኝም፣ እነሱም ቀስ በቀስ «ለማንኛውም እሱ ይቀይረዋል» እያሉ ለይስሙላ መሥራት ጀመሩ። እንዲህ አታድርግ። (አንተ የምለው ለአጻጻፍ ስለሚቀለኝ ነው፣ እህቶቼ ይቅርታ።)

ሹመቱ ሳይመጣ በማስተማር ተለማመድ። አንድ ጁኒየር (ጀማሪ ኮድ ጸሐፊ) ያዝ። በሳምንት አንድ ሰዓት ይበቃል፣ ግን ሰዓቱን አትሰርዝ።

እዚህ ላይ ትልቁ ፈተና ይሉኝታ ነው። «ገባህ?» ስትለው «አልገባኝም» የሚልህ ልጅ በጣት የሚቆጠር ነው። ራሱን ይነቀንቃል፣ ወንበሩ ላይ ይመለሳል፣ ሁለት ቀን ድምፁ ይጠፋል። ስለዚህ «ገባህ?» ማለቱን ተወው። «እስቲ አንተ ለእኔ አስረዳኝ» በለው። ደግሞ አንድ ሕግ አውጣ፤ ግማሽ ሰዓት ሞክሮ ካልሆነለት መጠየቅ ግዴታው ነው። መጠየቅ ድፍረት መሆኑ ቀርቶ ትእዛዝ ሲሆን ይሉኝታው ይለቃል።

ኮድ ሪቪው ላይ፣ ማለትም ሌላው የጻፈውን ኮድ ከመግባቱ በፊት ስታይ፣ መልሱን አትስጥ። አንዲት ጁኒየር የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሞላበት ፎርም ሠርታ ላከችልኝ። ወሩ ከ12 ከበለጠ «ስህተት» ይላል። ጳጉሜን ረስታዋለች። ድሮ ቢሆን ራሴው አስተካክዬ አስገባው ነበር። አሁን ግን ከኮዱ ሥር አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፍኩ፦ «ጳጉሜ 3 የተወለደ ሰው የት ይመዝገብ?» 12ቱን 13 አድርጋ መለሰችው። «ጳጉሜ 20 የተወለደስ?» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ጳጉሜ 5 ቀን እንደሆነች፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ እንደ 2015ቱ 6 እንደምትሆን የሚፈትሽ ቴስት (ኮዱን የሚፈትን ሌላ ኮድ) ጽፋ መጣች። አርባ ደቂቃ ፈጀ። እኔ ብሠራው አምስት ደቂቃ ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ የቀን አቆጣጠር ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ቲሙ የሚሮጠው ወደ እሷ ነው፣ ወደ እኔ አይደለም።

ፕሮዳክሽን፣ ማለትም ደንበኞች የሚጠቀሙበት ሲስተም፣ ሲወድቅ «ማን ነው የነካው?» አትበል። ወደ ቀድሞው ቨርዥን መልሱት፣ ሲረጋጋ ምን እንደሆነ አብራችሁ እዩ። አንዴ ሰው ፊት ከተቆጣህ ቀጣዩ ባግ (የኮድ ስህተት) ይደበቅሃል።

ዴድላይን ሲያልፍ ደግሞ አለቃህ «ሰው ልጨምርልህ?» ይላል። ደስ ብሎህ እሺ እንዳትል። ሦስት ሰዎች እርስ በርስ ለመግባባት 3 መስመር ነው የሚያስፈልጋቸው፤ ስድስት ሲሆኑ 15 ይሆናል። አዲሶቹን የሚያለማምደውም ያው ጊዜ ያጠረው ልጅ ነው። ይልቅ ሥራ ይቀነስልን በል፤ የትኛው ስክሪን (ገጽ) ለሚቀጥለው ወር ይደር?

የራስህን ድርጅት ልትከፍት ካሰብክ ከሎጎ አትጀምር። ከደንበኛ ጀምር። አንድ ሰው ብር ከፍሎ የሚገላገለው ችግር እስክታገኝ ደሞዝህን አትልቀቅ። የጓደኛ ሥራም ቢሆን በጽሑፍ ተዋዋል፣ ቅድሚያ ክፍያ ሳትቀበል ላፕቶፕህን አትክፈት። ወረቀቱን በተመለከተ፣ በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 1243፣ ባለአንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ፈቅዷል። ድሮ እንዲህ ያለ ማኅበር (ፒኤልሲ) ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ስለሚያስፈልግ ስንቱ ለቁጥር ማሟያ የአክስቱን ልጅ ባለድርሻ አድርጎ በኋላ ተካሰሰ! አሁን ያ ግዴታ አይደለም። ፈቃድ ካወጣህ በኋላ ግን ገቢ ባይኖርህም ግብር ማሳወቁ አይቀርልህምና ከመጀመሪያው ወር የሒሳብ ሠራተኛ ፈልግ፣ በትርፍ ሰዓትም ቢሆን።

በመጨረሻ ራስህን ፈትን። አንድ ሳምንት ጥፋ። እኔ ለጥምቀት ጎንደር ሄጄ ስልኬን ዘጋሁ። ስመለስ ሦስት ሥራ ቆሞ ጠበቀኝ። ልጆቹ ሰንፈው መስሎኝ ልቆጣ ስል፣ የሦስቱም ፓስወርድ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነበር።